ዝሆንን በአጥር ውስጥ ስለ ማኖርና ስለ ወደ ፊቱ ነገር

በባሕር ዳር፣ ሹም አቦ በሚባለው ሠፈር የሚያድግ ልጅ ጉማሬን ለማየት ዋጋ አይከፍልም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ደንገል በበቀለበት በጣና ዳርና ዓባይ ከባሕሩ በሚወጣበት አፍ፣ ጉማሬው ራሱን ከውሃው ብቅ ያደርጋል፤ ያጓራል፤ ሲመሽም ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የገበሬውን አዝመራ ይረግጣል። ልጁ ይህን ሁሉ ከሩቅ ሆኖ፣ በፍርሃትም በመደነቅም ይመለከታል፤ ሽማግሌውም ወደ ውሃው እንዳይጠጋ ይገሥጸዋል። በለንደን ወይም በኒው ዮርክ የሚያድግ ልጅ ግን እንዲህ ያለውን ታላቅ አውሬ የሚያየው ገንዘብ ከፍሎ፣ ከብረት ወይም ከግንብ አጥር ማዶ ነው። አራዊትን ከየአገሩ ሰብስቦ ለሕዝብ የሚያሳየው ይህ ቦታ የአራዊት ግቢ ይባላል። በእነዚህ ግቢዎች ከሚኖሩት አራዊት ሁሉ ይልቅ በዛሬው ዘመን ብዙ ክርክር ያስነሣው ዝሆን ነው። ዝሆንን በግቢ ማኖር ይቀጥል ወይስ ይቅር እያሉ ሊቃውንትና ዳኞች፣ መንግሥታትም ጭምር ይከራከራሉ። ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ይመስላል፤ ዳሩ ግን በዓለም ሁሉ ስሙ የተሰማው የአራዊት ግቢ ዝሆን የተያዘው ከጎንደር በታች ባለው ቆላ ስለ ሆነ፣ ነገሩ የኢትዮጵያም ነው። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በግዕዝ ዝሆን ነጌ ይባላል፤ ጥርሱም ቀርነ ነጌ ተብሎ ይጠራል፤ ትርጓሜውም የዝሆን ቀንድ ማለት ነው። መርማሪዎች እንዳስረዱት ግን ነገሩ ቀንድ ሳይሆን ከላይኛው መንጋጋ የበቀለ ጥርስ ነው፤ በዚህ ረገድ ከግዕዙ ይልቅ አማርኛው ትክክለኛ ሆኖ ተገኝቷል። ንጉሥ ሰሎሞን ዙፋኑን ያሠራው በዚህ ጥርስ እንደ ሆነ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል።

በጥንት ዘመን ዝሆን በሰሜን ኢትዮጵያ እጅግ ብዙ ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በግብጽ የነገሡት በጥሊሞሶች ለጦርነት የሚሆናቸውን ዝሆን ከቀይ ባሕር ዳርቻ ያስይዙ ነበር፤ ይህም በአዱሊስ ወደብ በቆመ ደንጊያ ላይ ተቀርጾ ነበር። ከልደት በኋላ በስድስተኛው መቶ ዓመት ከቁስጥንጥንያ ተልኮ የመጣ ኖኖሶስ የሚባል መልእክተኛ፣ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲጓዝ በመንገዱ እኩሌታ ላይ 5,000 የሚያህሉ ዝሆኖች በአንድ ሜዳ ተሰማርተው ማየቱን ጽፏል። በዚያው ዘመን ወደ ዐፄ ካሌብ የመጣ ሌላ መልእክተኛ ደግሞ ንጉሡ አራት ዝሆኖች በሚስቡት ሠረገላ ላይ ቆመው እንደ ተቀበሉት ተነግሯል። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴም ስለ ዝሆን ሲያወሳ፣ ኢትዮጵያውያን ዝሆንን የማልመድ ጥበብ እንደሌላቸው፣ ነገር ግን ንጉሡ ለክብር አንድ ወይም ሁለት ሲፈልግ ግልገሉን ይዘው እንደሚያሳድጉ ይናገራል። እንግዲህ ዝሆንን ለማሳየት ብቻ በግቢ ማኖር ፈረንጆች ያመጡት ነገር አይደለም፤ በአክሱም ቤተ መንግሥት የታወቀ ነበር። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። 5,000 በሜዳ ሲሰማራ ሁለቱን ወደ ቤተ መንግሥት ማምጣት አንድ ነገር ነው፤ ከጥቂቱ ላይ እያነሡ መውሰድ ሌላ ነገር ነው።

በጎንደር መንግሥት ዘመን ዝሆን ከደጋው ርቆ በምዕራቡ ቆላ ይኖር ነበር። ዝሆን የገደለ ሰው ከጀግኖች ይቈጠራል፤ በፉከራም ይወደሳል፤ ጥርሱም ወደ ነጋዴ ይሄዳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስናር ሲወርድ፣ በ1772 መጀመሪያ፣ በዚያ ቆላ ከመኳንንቱ ጋር ዝሆን አደን ወጥቶ ያየውን በመጽሐፉ ተርኳል። አዳኞቹ ሁለት ሆነው በአንድ ፈረስ ይቀመጣሉ፤ ፊተኛው ፈረሱን ይነዳል፤ ኋለኛው ሰይፍ ይይዛል። ፊተኛው በዝሆኑ ፊት እየተመላለሰ ሲያስቈጣው፣ ኋለኛው ከፈረሱ ዘሎ ይወርድና በዝሆኑ ተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት በሰይፍ ይቈርጣል። ዝሆን በሦስት እግር መሄድ የማይችል ነውና በዚያው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ በጦር ይጨርሱታል።

በዚያ አደን መጨረሻ አንዲት እናት ከግልገልዋ ጋር ቀረች። ዋነኞቹ አዳኞች ጥርስዋ ትንሽ ስለ ነበረ ሊተዉአት ወደዱ፤ ሌሎቹ ግን እምቢ አሉ። ጅማትዋም ተቈረጠ። በጦር ሲወጓት፣ ሸሽቶ ያመለጠው ግልገል ከጫካው ወጥቶ ፈረሱንም ሰዉንም በግንባሩ ይገፋ ጀመር። ብሩስ ልቡ አዝኖ እናቲቱን እንዲተዉአት ስለ እግዚአብሔር ብሎ ለመናቸው፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ግልገሉ ብሩስን ራሱን ብዙ ጊዜ ሊመታው መጣ፤ እርሱ ግን አልነካውም፤ ስላልነካውም እስከ ኋላ ዘመኑ ደስ እንደሚለው ይናገራል። በመጨረሻ ግልገሉ ከመኳንንቱ አንዱን እግሩን ስላቈሰለው በጦር ተወጋና በእናቱ ፊት ወድቆ ሞተ። ይህ ታሪክ እዚህ የተነሣው ለአዳኞቹ ወቀሳ አይደለም፤ እነርሱ በዘመናቸው ሥርዓት ኖሩ። የተነሣበት ምክንያት፣ የዝሆን ግልገል ከእናቱ በፈቃዱ የማይለይ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። በአሮጌው ዘመን ግልገልን ከአፍሪካ ለአራዊት ግቢ ለመውሰድ የሚቻለው እናቱን በመግደል ነበር።

የእንግሊዝ ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ሲወጣ ከህንድ ያመጣቸው 44 ዝሆኖች ከባዱን መድፍ ተሸክመው የላስታንና የደላንታን ተራራ ወጡ። አውሬው እንደ በቅሎ ተጭኖ ሲታዘዝ ማየት ለአገሩ ሰው አዲስ ነገር ነበር። እነዚያ የእስያ ዝሆኖች ናቸው፤ ከአፍሪካው በቁመትም በጆሮም ያንሳሉ፤ በሰው እጅ መሥራትን ግን ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ ያውቃሉ።

ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1861 ወይም በ1862 ገደማ፣ በሰቲት ወንዝ ቆላ አንድ ወንድ ግልገል ተያዘ። ሰቲት ማለት ተከዜ ከደጋ ወርዶ ወደ ሱዳን ሲያልፍ የሚጠራበት ስም ነው። የያዙት ሐምራን የሚባሉ ሰይፈኞች አዳኞች ሲሆኑ፣ ብሩስ ባየው ዓይነት ጥበብ የሚያድኑ ናቸው፤ እናቲቱም በዚያ እንደ ተገደለች ይነገራል። ግልገሉ በበረሃ ተነድቶ ወደ ቀይ ባሕር ወረደ፤ በመርከብም ተጭኖ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ ወደ ፓሪስም የአራዊት ግቢ ገባ። በ1865 ለለንደን ግቢ ሲሰጥ ታሞና ከስቶ ነበር። በዚያ ማቴዎስ ስኮት የሚባል ጠባቂ አስታመመው፤ ስሙንም ጃምቦ አሉት። አድጎ ቁመቱ ከሦስት ሜትር በለጠ። ሕፃናትን በጀርባው ተሸክሞ በግቢው ሲዞር ብዙ ሺህ የለንደን ልጆች ተቀመጡበት። ዛሬ ታላቅ ነገር ሁሉ በእርሱ ስም ይጠራል፤ ሰፊው አውሮፕላን ጃምቦ ይባላል፤ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መጠጥ ቤቶች ትልቁ የድራፍት ብርጭቆ ጃምቦ መባሉ ከዚያው የመጣ ነው፤ ጠጪው ግን የተከዜን ዝሆን ስም እየጠራ መሆኑን አያውቅም።

ቀን ቀን ለልጆች የታዘዘው ይህ ዝሆን፣ ሌሊት ብቻውን ሲዘጋበት የቤቱን ግድግዳ በጥርሱ ይወጋ፣ ጥርሱንም ይሰብር ነበር። የግቢው ሹም አንድ ቀን ሰው ይገድላል ብሎ ፈራ። ስለዚህ በ1882 ባርነም ለሚባል የአሜሪካ ባለ ትርኢት በ2,000 ፓውንድ ሸጡት። እንግሊዞች ይህን ሲሰሙ ተቈጡ፤ ብዙ ልጆችም ንግሥት ቪክቶሪያ ሽያጩን እንዲያስቀሩ ደብዳቤ ጻፉ። ጃምቦም ወደ ሣጥኑ አልገባ ብሎ በመንገድ ላይ ተኛ። በመጨረሻ ሄደ። በአሜሪካ ሦስት ዓመት ከከተማ ወደ ከተማ በባቡር ሲዞር ከቈየ በኋላ፣ በመስከረም 15 ቀን 1885፣ ሴንት ቶማስ በምትባል የካናዳ ከተማ በሐዲድ ላይ ሲመሩት ባቡር ገጭቶ ገደለው። ባርነም ትንሹን ዝሆን ለማዳን ሲል ሞተ ብሎ አስወራ፤ ከዚያም ቆዳውን አስሞልቶ፣ አጽሙንም አስገጥሞ ማዞሩን ቀጠለ። አጽሙ እስከ ዛሬ በኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይኖራል። በ2017 አጽሙን የመረመሩ ሊቃውንት፣ ጃምቦ ሲሞት ገና 24 ዓመት ያህል ሳለ ጉልበቱና ዳሌው እንደ ሽማግሌ ዝሆን የተጐዳ መሆኑን፣ የመንጋጋ ጥርሶቹም በለስላሳ መኖ ምክንያት ሳይሟገዱ ተጣምመው መብቀላቸውን አገኙ። ሌሊት የሚያስቈጣው የጥርስ ሕመም ሳይሆን አይቀርም አሉ።

ይህ የጥርስ ነገር ሊብራራ ይገባዋል። ዝሆን በዘመኑ ስድስት ጊዜ የመንጋጋ ጥርስ ያበቅላል። አሮጌው ሲያልቅ አዲሱ ከኋላ እየገፋ ይተካዋል። ዝሆን በቀን እስከ 18 ሰዓት ይበላል፤ ቅርፊት፣ እሾህ፣ ሥር፣ ሣር እያመነዠከ ጥርሱን በልክ ያሟግዳል። አንድ ሙሉ ዝሆን በቀን 150 ኪሎ ያህል መኖ ይጨርሳል፤ ከ100 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ይጠጣል። ይህን ሁሉ ለማግኘት በዱር ሳለ ብዙ መንገድ ይሄዳል። በግቢ ግን ድርቆሹ ተቈርጦ በፊቱ ይቀርብለታል፤ ስለዚህ አይሄድም፤ ይወፍራል፤ በሲሚንቶ ላይ ስለሚቆም መዳፉ ይሰነጠቃል፤ መገጣጠሚያውም ይታመማል። በአንድ ቦታ ቆሞ ራሱን ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዝ ዝሆን በግቢዎች ተደጋግሞ ይታያል። አላዋቂ ተመልካች የሚጨፍር ይመስለዋል፤ እንዲህ ያለው ልማድ ግን በዱር ባለ ዝሆን ላይ አይታይም።

ከሥጋው ይልቅ የሚከፋው ከወገኑ መለየቱ ነው። የዝሆን መንጋ የሴቶች ቤተ ሰብ ነው፤ የሚመራውም በዕድሜ ትልቅዋ ሴት ናት። ወንዱ ከ12 እስከ 15 ዓመት ሲሆነው ከእናቱ ይለያል፤ ከታላላቅ ወንዶችም ጠባይ ይማራል። የመሪዋ ጥቅም በታንዛንያ ታራንጊሬ በ1993 በደረሰው ድርቅ ታወቀ። ከ30 ዓመት በላይ አስቀድሞ የሆነውን ድርቅ ለማስታወስ የደረሱ አሮጊቶች ያሉባቸው መንጋዎች ውሃ ፍለጋ ከክልሉ ወጡ፤ ከግልገሎቻቸውም ጥቂት ብቻ ሞተባቸው። ወጣት የሚመራቸው ግን በዚያው ቈይተው ብዙ ግልገል ሞተባቸው። በደቡብ አፍሪካም ፒላንስበርግ በሚባለው የአራዊት ክልል ወላጆቻቸው የተገደሉባቸው ወጣት ወንዶች ያለ ታላቅ አድገው፣ ከ1992 እስከ 1997 ከ40 የሚበልጡ አውራሪሶችን ገደሉ። በ1998 ስድስት ሽማግሌ ዝሆኖች ከሌላ ክልል ቢያመጡባቸው ወጣቶቹ ጸጥ አሉ፤ ግድያውም ቆመ። ይህን ነገር በየመንደሩ ያሉ ሽማግሎች ሲሰሙ የሚደነቁበት አይመስልም።

ስለዚህ ጉዳይ ከተደረጉት ምርመራዎች ዋነኛው በ2008 ታትሞ የወጣው ነው። መርማሪዎች በአውሮፓ ግቢዎችና በሌላ ቦታ የኖሩ ከ4,500 የሚበልጡ ዝሆኖችን ዕድሜ አመዛዘኑ። በግቢ የተወለዱ የአፍሪካ ሴት ዝሆኖች እኩሌቶቹ ገና 16.9 ዓመት ሳይሞላቸው ሞተዋል፤ በኬንያ አምቦሴሊ በዱር የኖሩት፣ ሰው ካልገደላቸው፣ እስከ 56 ዓመት ይደርሳሉ። ሰው የገደላቸው ጭምር ተቈጥረው እንኳ ዕድሜያቸው 35.9 ዓመት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጥይትና ጦር ባለበት ዱር የሚኖረው፣ ሐኪምና መኖ ባለበት ግቢ ከሚኖረው እጥፍ ዘመን ይቈያል ማለት ነው። የግቢዎቹ ሹማምንት ቍጥሩ የአሮጌውን ዘመን አያያዝ የያዘ ነው፤ ዛሬ ተሻሽሏል ብለው መልሰዋል፤ መልሳቸውም ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሲሚንቶውን አንሥተው አሸዋ አልብሰዋል፤ ሰንሰለቱንም ትተዋል።

ደግሞም ግቢዎቹ የጠቀሙት ነገር እንዳለ መካድ አይገባም። በ1984 በአሜሪካ፣ በፖርትላንድ ከተማ የአራዊት ግቢ፣ ኬቲ ፔይን የተባለች መርማሪ በዝሆኖቹ አጠገብ ቆማ ሳለች ጆሮዋ ሳይሰማ ደረትዋ ሲርገበገብ ተሰማት። በቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሲመታ አጠገቡ የቆመ ሰው በደረቱ የሚሰማው ዓይነት ነው። ነገሩ ሲመረመር ዝሆኖች የሰው ጆሮ በማይሰማው ወፍራም ድምፅ ብዙ ኪሎ ሜትር ተራርቀው እንደሚነጋገሩ ታወቀ። ግልገሎችን በጥቂት ቀን የሚገድለው የዝሆን የደም በሽታም ምክንያቱ የተገለጠው በ1990ዎቹ መጨረሻ በግቢ ከሞቱ ግልገሎች ነው፤ መድኃኒቱም የተሞከረው በግቢ ነው። ጠበቆቻቸው ልጆች ዝሆንን በዓይናቸው አይተው ካልወደዱት አድገው አይጠብቁትም ይላሉ። ይህ ክርክር ኃይል አለው፤ ነገር ግን ራሱን እያወዛወዘ የሚቆም ዝሆን ያየ ልጅ ዝሆንን አየ ለማለት ያዳግታል።

ክርክሩ በወሬ ብቻ አልቀረም። ጃምቦ የኖረበት የለንደን ግቢ አንድ ጠባቂ በዝሆን ከተገደለ በኋላ በ2001 የመጨረሻ ሦስት ዝሆኖቹን ሰፊ ሜዳ ወዳለበት ወደ ሌላ ስፍራ ሰደደ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ ዝሆን የለም። በአሜሪካ የዲትሮይት ግቢ በ2005 ሁለት ዝሆኖቹን ብርዱ ለእነርሱ አይስማማም ብሎ በፈቃዱ ወደ ካሊፎርንያ ማረፊያ አዛወረ። ዝሆንን ከሁሉ ይልቅ የምታከብረው ህንድ በ2009 በአራዊት ግቢዎችዋ ያሉ ዝሆኖች ሁሉ ወደ ጫካ ሠፈሮች እንዲወጡ አዘዘች። በፓኪስታን፣ በኢስላማባድ ግቢ፣ ከ1985 ጀምሮ የኖረ ካቫን የሚባል ዝሆን ነበር፤ ጓደኛው በ2012 ከሞተች በኋላ ብቻውን ቀረ። በ2020 የከተማዪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲለቀቅ ፈረደለት፤ በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ በአውሮፕላን ወደ ካምቦዲያ ተወሰደ፤ በዚያም ሌላ ዝሆን አገኘ።

በኒው ዮርክ ግን ፍርዱ በሌላ መንገድ ሄደ። ሃፒ የምትባል ከ1977 ጀምሮ በብሮንክስ ግቢ የኖረች የእስያ ዝሆን፣ በግንባርዋ ላይ የተደረገውን ምልክት በመስተዋት አይታ በኩምቢዋ በመዳሰስዋ፣ ራስዋን የምታውቅ መሆንዋ በ2006 ታትሞ ወጣ። ጠበቆችም ራስዋን የምታውቅ ፍጥረት ያለ ፈቃድዋ ልትታሰር አይገባም ብለው ከሰሱ። የግዛቲቱ ከፍተኛ ችሎት በሰኔ 14 ቀን 2022 አምስት ዳኞች በሁለት ረትተው፣ ሰውን ከእስር የሚያስፈታው ሕግ ለዝሆን አይሆንም ብሎ ፈረደ። በ2025 መጀመሪያም የኮሎራዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለ አምስት ዝሆኖች እንዲሁ ፈረደ። ለዝሆን የሚደረገው ቸርነት ከሰው ሕግ አውጪ እንጂ ከሰው ዳኛ እንደማይመጣ ከዚህ ይታያል። ሕግ ማውጣቱም ተጀምሯል። በ2019 በጄኔቭ የተሰበሰቡት መንግሥታት፣ ከአፍሪካ ዱር የተያዘ ዝሆን ከጥቂት ልዩ ጉዳይ በቀር ከተፈጥሮ አገሩ ውጭ እንዳይሸጥ በ87 ድምፅ ወሰኑ፤ 29ኙ ተቃወሙ። ከዚያ አስቀድሞ ዚምባብዌ ከ2012 ጀምሮ ከመቶ የሚበልጡ ግልገሎችን ለቻይና ግቢዎች ሸጣ ነበር። ከዱር የሚመጣው መንገድ ሲጠብ፣ በግቢ የሚወለደው ከሚሞተው ካልበለጠ፣ የግቢ ዝሆን ቍጥር እያነሰ መሄዱ የማይቀር ነው። ሰፊ ሜዳና ሙሉ ቤተ ሰብ ማኖር የሚችሉ ጥቂት ግቢዎች ይቀጥላሉ፤ በከተማ መካከል ያሉት ጠባቦቹ ይተዋሉ።

በኢትዮጵያ በግቢ መኖር የለመደው አውሬ አንበሳ ነው። በጎንደር በፋሲል ግቢ የአንበሶች ቤት እስከ ዛሬ ይታያል። በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢ የተከፈተው በ1948 በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። በ2012 የታተመ ምርመራ ከእነዚያ አንበሶች 15ቱን መርምሮ፣ ዘራቸው ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለየ መሆኑን አሳየ፤ ስለዚህ ጠባቡ ግቢ የዘር መዝገብ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። አቦ ሲባል የሚታሰቡት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሣሉት በ60 አንበሶችና በ60 ነብሮች መካከል ቆመው ነው፤ በዚያ ሥዕል አጥርም ሰንሰለትም አለመኖሩን ብዙ ጊዜ የሚያስተውለው የለም።

ስለ ዝሆን ግን የኢትዮጵያ ጥያቄ ሌላ ነው። በ1944 የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ወጣ፤ በ1970 ከሐረር በታች በኤረር፣ በጎበሌ፣ በዳኬታና በፋፈን ሸለቆዎች የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ተከለለ። እንዲህም ሆኖ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የኢትዮጵያ ዝሆን ከአሥር እጅ ዘጠኙ እንደ ጠፋ ይገመታል፤ በ2015 የቀሩት ከ2,000 አይበልጡም ተብሏል። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መንግሥት ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የተያዘ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በይፋ አቃጠለ። በባቢሌ ዝሆኑን የሚያስጨንቀው አዳኝ ብቻ አይደለም። ሰው በመጠለያው ውስጥ ሠፍሯል፤ እንጨቱ ይቈረጣል፤ ዝሆኑም ወደ እርሻ ሲወጣ ከገበሬው ጋር ይጣላል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጐዳው ሣሩ ነው የሚለው ተረት በዚያ ተገልብጦ፣ ሰዎች ስለ መሬት ሲሻሙ የሚጐዳው ዝሆኑ ሆኗል። ገበሬውም ቢሆን በአንድ ሌሊት የዓመት እህሉን ያጣልና ሊፈረድበት አይገባም። ካሣ ሳይሰጡት ዝሆኑን ውደድ ማለት ቀልድ ነው።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ስፍራ እናቱ የተገደለችበት ግልገል ቢገኝ ወደ የት ይወሰዳል? በግቢ ዘግቶ ለሕዝብ ማሳየት ቀላሉ ነገር ነው፤ ገንዘብም ያስገኛል። ነገር ግን ሌላ መንገድ መኖሩ በኬንያ ታይቷል። ከ1977 ጀምሮ በናይሮቢ የቆመው የሼልድሪክ ማኅበር እናት የሞተባቸውን ግልገሎች ተቀብሎ ያሳድጋል። ወይዘሮ ዳፍኒ ሼልድሪክ የላም ወተት ለዝሆን ግልገል እንደማይስማማ ከብዙ ዓመት ሙከራና ከብዙ ሞት በኋላ ተረድተው፣ የኮኮ ዘይት የገባበት ወተት አገኙ። ጠባቂው ሌሊት ከግልገሉ ጋር ይተኛል፤ ቀን በጫካ ያሰማራዋል፤ ሲያድግም ወደ ፃቮ ዱር ይሸኘዋል። እንዲህ ተደርገው ወደ ዱር የተመለሱት በመቶ ይቈጠራሉ፤ ከሴቶቹም ብዙዎቹ በዱር ወልደው ግልገላቸውን ለአሳዳጊዎቻቸው ሊያሳዩ መጥተዋል። በኢትዮጵያም ከሆለታ አጠገብ እንሰሳ ኮቴ የሚባል ማረፊያ ከሰው እጅ የዳኑ አንበሶችንና አቦ ሸማኔዎችን በሰፊ ቦታ ያኖራል፤ ስለዚህ አሳቡ ለአገሩ እንግዳ አይደለም።

ስለ ዝሆን ለማስተማር የፈለገ መምህር ዝሆን ወይም ግቢ አያስፈልገውም፤ ገመድ ይበቃዋል። የዝሆን የፊት እግር መዳፍ ዙሪያው በሁለት ሲባዛ እስከ ትከሻው ያለውን ቁመት ይሰጣል፤ አዳኞችም መርማሪዎችም የሚለኩት በዚህ ነው። መምህሩ አንድ ሜትር ተኩል ገመድ ቈርጦ ሁለቱን ጫፍ አጋጥሞ በሜዳ ላይ ቢያኖር፣ ያ ክብ የአንድ ትልቅ ወንድ ዱካ ነው። ከዚያ ገመዱን በእጥፍ ለክቶ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሦስት ሜትር ምልክት ቢያደርግ፣ ልጆቹ የጃምቦን ትከሻ ያያሉ። ቀጥሎ ይህ አውሬ በቀን የሚበላው 150 ኪሎ ስንት ሸክም ሣር እንደሚሆን፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ ያለው ሣርም ስንት ቀን እንደሚያኖረው ያስላቸው። ሒሳቡን የሠራ ልጅ የክርክሩን ግማሽ ራሱ አግኝቶታል። በጣና ዳር ያሉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ጉማሬውን ከሩቅ፣ ከታላቅ ሰው ጋር ሆነው ቢመለከቱና በስንት ሰዓት ከውሃ እንደ ወጣ፣ በየትኛው መንገድ እንደ ሄደ ቢጽፉ፣ ማንም ግቢ የማይሰጠውን ትምህርት ያገኛሉ።

ጃምቦ የተወሰደበት የተከዜ ቆላም ዝሆን አልባ ሆኖ አልቀረም። በኢትዮጵያ በኩል ያለው ቆላ በ2007 ቃፍታ ሽራሮ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ። በዚያ የሚኖሩት ዝሆኖች የሰውን ድንበር ሳይጠይቁ ወደ ኤርትራ ተሻግረው የሚመለሱ፣ በአፍሪካ ከቀሩት ዝሆኖች ወደ ሰሜን የራቁ ከሚባሉት ወገን ናቸው። በበጋ ውሃው ሲጐድል በተከዜ አሸዋ ላይ በእግራቸውና በኩምቢያቸው ጕድጓድ ይቈፍራሉ፤ እነርሱ ጠጥተው ሲሄዱም ሌሎች አራዊት ከዚያው ይጠጣሉ።